ሁለት ክንድ ጨምሪ

የአባቴ መኪና ናት፣ መጋላ፣ በረንዳው ላይ፤
ስምንት ሰዓት ነው፣ ድሬ ስትንተከተክ በፀሐይ።
ሰዉ በርጫው ላይ ነው፣ ባጃጁም ጥላ ሥር ተኝቷል፤
ሮብሌ ብቻ፣ የምድር ባቡር ጡረተኛ፣ ፌስታል ይዞ እኔ ዘንድ መጥቷል።

"ይሄ ምንድነው አቦ?"
"የዓሣ ማጠንጠኛ ነዋ፣ የባሕር።
ልጄ ከጅቡቲ ላከልኝ። ሐሙስ እወርዳለሁ በባቡር።"
"እና ከሰፊ ምን ፈለግህ?"
"አንቺ ክር ታውቂያለሽ።
ስንት ልጠቅልልበት? እሱን ብቻ ብትነግሪኝ ይበቃኛል ካንቺ።"

ባሕር ያየሁት ቀን መቁጠሪያ ላይ ነው፤ ዓሣም በጣሳ።
ግን ከመርፌው ሥር ያለችው ትንሿ ጥንጥን፣
ጢም ካልኳት ትተፋለች፣ ክሩ ይዘበራረቃል፣
ካጎደልኳት ደግሞ እጅጌው ሳያልቅ እሷ ታልቃለች።
"ዳሩን አትንካ" አልኩት፣ "የጥፍር ውፍረት ተውለት።"
"የጠየቅኩሽ ሜትሩን ነው።"
"ሜትሩማ በክሩ ነው፤ ቀጭን ከሆነ ብዙ ይገባል፣
ትልቁ ዓሣ ግን ይበጥሰዋል፤
ወፍራሙ ይችለዋል፣
ግን ገና ሲሮጥ ያልቃል።"

ብረቱ ላይ ሦስት መቶ ይላል። እሱ ከታይዋን ገበያ ስድስት መቶ ገዝቶ መጣ።
"ዓሣው የመን ድረስ ነው እንዴ የሚሄደው?" ብዬ ሳቅሁ። እሱ ጥርሱንም አላወጣ።

"ሦስት መቶ ስንት እንደሆነ በዓይኔ ልየው" አለና
ደቻቱ ወረድን። ከድሬ ሌላ ባዶ ቦታ የታለና!
ወንዝ ይሉታል፤ ፍየሎች ካርቶን ያኝኩበታል፣
ልጆች በድንጋይ ጎል ተክለው ይራገጡበታል።
ጫፉን ጣቴ ላይ ቋጠረ። ወደ ድልድዩ ሄደ፣ ሄደ፣
በእርምጃው እየቆጠረ፣ እስኪያንስ፣
ከወዲህ ሲታይ አንዲት ስፌት እስኪያክል።
በእጄ "ይበቃል!" አልኩት።
ከዚያ ማዶ ራሱን ሲነቀንቅ ክሩ ጣቴን ሳበው።

ሲመለስ ላቡን ጠረገና፣ ሳልጠይቀው ነገረኝ።
ያቺ ሌሊት፣ ይሄ አሸዋ ባሕር ሆኖ ሲያገሳ፣
ገመድ ነበረው፣ የባቡር ገመድ፣ በሬ የሚያነሳ፤
ከግንቡ ላይ ወረወረው፣ አንዲት ሴት ስትጣራ።
"ሁለት ክንድ" አለ። "ሁለት ክንድ አጠረ።
እጇን አየሁት። ፋኖስ ይዤ ነበረ።"

ሰፊ ምን ይላል? እኔ ያን ሌሊት ሳቢያን ነበርኩ፣
ዝናብ መጣ ብዬ ብርድ ልብስ ደረብኩ።
ሮብሌ ማለት በነሱ ቋንቋ ዝናባማው ማለት ነው።
ድሮ እየሳቀ ነበር የነገረኝ።

ሲመሽ ማጠንጠኛውን ከመኪናዋ ጎማ ጋር አሰርነው፤
እኔ ፔዳል እረግጣለሁ፣
እሱ በእርጥብ ጨርቅ ክሩን በሁለት ጣቱ ጨምቆ ያጠብቃል።
ሁለት መቶ። ሦስት መቶ። ዳሩ እየቀረበ።
"ትንሽ" ይላል። "ትንሽ ደግሞ።"
የጥፍሬን ውፍረት እያየሁት ጠበበ።
መቀሱን አነሳሁና መልሼ አስቀመጥኩ፤
የኔ ኮት አይደለም፣ ምን አገባኝ አልኩ።
"ሁለት ክንድ ጨምሪ" አለኝ።
ጨመርኩ።
ከዚያ ራሱ፣ ጎንበስ ብሎ፣ በጥርሱ ቆረጠው።

ሐሙስ ሄደ። ይያዝ አይያዝ እስካሁን አልሰማሁም።
የተረፈውን ክር ግን አልጣልኩም፤
ከበረንዳው ምሰሶ እስከ ሮቃው ግንድ ወጠርኩት፣ ልብስ አሰጣበታለሁ።
ፀሐይ ሲያርፍበት ክሩ አይታይም።
መንገደኛ ይቆማል፦ ሁለት ሸሚዝ፣ አንድ ሽርጥ፣
የሴት ቀሚስ እጅጌው ወደ ወንዙ የተዘረጋ፣
አየር ላይ፣ ማንም ሳይዛቸው።
"ምን ላይ ነው የሰቀልሻቸው?" ይሉኛል።
"ትርፍ ላይ" እላለሁ።